«አትከራከሩት»

በልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ሁሉን የሚያየው ካውያ የያዘው ሰው ነው። ቆራጩ ጨርቁ ላይ፣ ሰፊዎቹ መርፌያቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ይውላሉ፤ ልብስ ተኳሹ ግን ቆሞ ስለሚሠራ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ያኘከውን ማስቲካ ከማሽኑ ሥር እንደለጠፈ፣ ማን ዓይኑን ገልጦ እንደተኛ አንድም አያመልጠው። የምናወራላችሁ ሰውም ተኳሽ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም እዚያ ቤት የሚያስታውሰው ደመወዝ የሚከፍለው ጋሼ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ «ካውያው» ነው። ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል ብላ ይህን ስም ያወጣችለት አጠገቡ የምትሰፋው ሴትዮ ናት። እሱም አልተኛላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ አንገቷ ደርቆ ቀረ ብሎ «እትዬ ኮሌታ» አላት፤ እሷም ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ስፌት ቤቱ ረጅምና ጠባብ ነው። በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ማሽኖች ከጠዋት እስከ ማታ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ፤ ሬዲዮ ይጮሃል፣ ሰው ከሬዲዮው በላይ ይጮሃል። በመጨረሻው መስኮት ሥር የካውያው ጠረጴዛ አለ። ሸሚዙ ከእትዬ ኮሌታ እጅ ወጥቶ ወደሱ ያልፋል፣ እሱ ይተኩሳል፣ ያጣጥፋል፣ ይደረድራል። ስለ ሥራው ሲጠይቁት «የሰውን ልጅ መጨማደድ የማስተካክለው እኔ ነኝ» ይል ነበር፤ ያኔ ቀልድ አያልቅበትም ነበር።

ካውያው ስኪዞፍሬኒያ አለበት። ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው ብዙ ነው፤ እሱ ዘንድ ግን ነገሩ በአብዛኛው አንድ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል። አንዳንዴ ይጠራዋል፣ አንዳንዴ «አበላሸኸው፣ እንደገና ተኩሰው» እያለ ሥራውን ያጣጥልበታል። ካውያው «ደባሉ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ኪራይ የማይከፍል፣ ሳይጋብዙት የሚገባ፣ ውጣልኝ ቢሉት የማይወጣ ደባል። ማታ ማታ የሚውጣት ክኒን ደባሉን አላባረረችውም፤ ጥግ ግን አስይዛዋለች። የቀረውን ካውያው በራሱ ዘዴ ይወጣው ነበር። ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ እትዬ ኮሌታ ዞር ብሎ «ጠራሽኝ?» ይላታል።

«ማን ይጠራሃል አንተን? ሥራህን ሥራ!»

በቃ፣ ደባሉ ነበር ማለት ነው። ካውያውም ወደ ሸሚዙ ይመለሳል። ጠርታው ከሆነ ደግሞ «አዎ፣ ስንት ጊዜ ልጥራህ፣ መቀሱን አቀብለኝ!» ትለዋለች። የሚቃጠል ነገር ሲሸተውም እንዲሁ ይጠይቃታል፣ እሷም አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ ትፈርዳለች። ስለ በሽታው የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ጆሮው የደከመ መስሏት «ታጠበው እንጂ» ትለው ነበር። ስድቧ ለእሱ ከክኒኗ ቀጥሎ የሚወሰድ መድኃኒት መሆኑን ማን በነገራት!

ባለፈው ዓመት ክኒኗ ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፋች። ደባሉም ጥጉን ለቆ ወጣ። ካውያው እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ ተወ፤ በመጨረሻም ቤቱ ሊናድ ነው ብሎ አብራው የምትኖረውን ታላቅ እህቱን ከአልጋዋ ጎትቶ ደጅ አወጣት። ቤቱ አልተናደም። እሱ ግን ሆስፒታል ገባ።

እህቱ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ከእሱ ሌላ ቤተሰብ የላትም፤ እሱም «እታለም» እያለ ከሚጠራት ከእሷ ሌላ የለውም። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ነርስ «በጣም ሲብስበት አትከራከሪው» ብላ መከረቻት። ጥሩ ምክር ነበር። እታለም ግን «በጣም ሲብስበት» የሚለውን እዚያው ትታ «አትከራከሪው» የሚለውን ብቻ ይዛ ወጣች። ይህችኑ ቃል ይዛ ስፌት ቤቱ ድረስ ሄደች። ጋሼን ቦታውን እንዲያቆዩለት ለምና፣ በማሽኖቹ መሃል ቆማ፣ መሃረቧን እየጨመቀች «እባካችሁ፣ ሲመለስ አትከራከሩት። ያለውን ሁሉ እሺ በሉት» አለች። ሰፊዎቹ አለቀሱ። እትዬ ኮሌታ ከሁሉ የባሰ አለቀሰች፤ ስትሰድበው የኖረችው አንጀቷን በላው። አትከራከሩት ማለትና ዋሹት ማለት ለየቅል መሆናቸውን ግን ከመካከላቸው ያሰበ አልነበረም።

ካውያው ሲመለስ ቦታው ጠብቆታል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጨርቅ ተነጥፏል። ሬዲዮው ዝቅ ብሏል። «እንኳን ደህና መጣህ ወንድማችን» አሉት፤ «ካውያው» ያለው አንድም ሰው የለም። መጀመሪያ ደስ አለው። ቀስ እያለ ግን ቀልዱ እሱ ሲጠጋ እንደሚቋረጥ አየ። በምሳ ሰዓት «አንተ እዚህ ይሻልሃል፣ ጫጫታ የለም» ብለው በመስኮቱ ሥር ብቻውን አስቀመጡት፤ እነሱ ወዲያ ማዶ ተጠጋግተው እየበሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይስቃሉ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እንደዚያ ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

የባሰው ግን መልሱ ነው።

«ጠራሽኝ?»

«አዎ» አለችው እትዬ ኮሌታ፣ ለታመመ ሰው በሚወራበት ድምፅ።

«ምን ፈልገሽ?»

«ምንም… ደህና መሆንህን ልጠይቅህ ነው።»

በማግስቱም ጠየቃት፣ በማግስቱም «አዎ»። የሚቃጠል ይሸታል ወይ ሲል ሁሉም በአንድ አፍ «ይሸታል፣ ይሸታል»። ሶኬቱን ይነቅላል፣ ገመዱን ይዳስሳል፣ ሸሚዙን ይገለብጣል፣ የተቃጠለ ነገር የለም። አንድ ቀን ነገሩ ስለከነከነው ቆራጩን ጠጋ ብሎ «ጣራው ላይ ግመል ቆማለች፤ ትታይሃለች?» አለው። ቆራጩ መቀሱን አስቀምጦ ኮርኒሱን ሽቅብ ተመለከተና «ትንሽ ትታያለች» አለ።

ድሮ ቢሆን ካውያው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ያን ቀን ግን ሆድ ባሰው። ደባሉ የፈለገውን ይላል፣ ሰዎቹም የፈለገውን ሁሉ አዎ ይላሉ፤ እውነቱን ጠይቆ የሚያምነው ሰው ጠፋ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ እሱ በውጪኛው ይተኛል፣ እታለም በውስጠኛው። ዳቦ ቤቱ ከንጋት በፊት ስለሚከፈት እራት እንደበሉ ገና ሳይጨልም ትገባለች። በሯ እንደተዘጋ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መቀርቀሪያ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት። ያ በር መቀርቀሪያ ኖሮት አያውቅም።

«እታለም፣ በርሽን ትቀረቅሪያለሽ እንዴ?»

«እኔ? ኸረ ምን በወጣኝ! ምንም አልቀረቅርም።»

ለሌላው ነገር ሁሉ አዎ የምትል ሴት ለዚህች ነገር አይ አለች። ካውያውም ያመናት ለዚሁ ነው። ሁልጊዜ አዎ ከሚል አፍ የወጣ አይ እንዴት ውሸት ይሆናል? እሷ ዳቦ ቤት ስትውል በሩ ላይ ያለውን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ከበሩ ጀርባ ማየት ይችል ነበር። እጁን ዘርግቶ ሁሉ ያውቃል። መቀርቀሪያ ባይኖር ታሟል፤ ቢኖር ደግሞ የገዛ እህቱ በእሱ ላይ ትቆልፋለች። ሁለቱንም ማየት ስላልፈለገ እጁን መለሰ።

በቀጠሮው ቀን ለዶክተሩ ነገረው። «አዲስ ድምፅ ጀምሮኛል። በር ሲቀረቀር ይሰማኛል።» ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፣ አልቸኮለም፤ እታለምን «በሩ መቀርቀሪያ አለው?» ብሎ ጠየቃት። እታለም እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ «የለውም ዶክተር» አለች። ዶክተሩ ምን ያድርግ? ክኒኗን ጨመረለት።

የተጨመረችው ክኒን ከበደችው። አፉ ይደርቃል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ሰውነቱ እርጥብ ብርድ ልብስ ያህል ይከብደዋል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥ ይል የነበረው የእጅጌ መስመር ተወላገደ። ሸሚዙ በጎኑ ተከመረ። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ግን በየማታው አለ፤ መድኃኒት መቀርቀሪያ አይነቅልም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ስለቀረው ጋሼ በመተላለፊያው እየተመላለሱ ክምሩን በዓይናቸው ይለካሉ፣ ለእሱ ግን አንድ ቃል አይናገሩም። የሚናገሩት ለእታለም ደውለው ነው፤ «ትንሽ ረፍት ቢወስድስ?» እያሉ። የዚህ ረፍት ትርጉም ካውያውን አልጠፋውም። ከዚያ ጠረጴዛ ከተነሣ የሚቀረው ያቺ የውጪ ክፍልና ደባሉ ናቸው። በሕይወቱ እንደዚህ የፈራው ነገር የለም።

በዚህ መሃል ነው የተቃጠለው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ካውያው እንቅልፉን እየታገለ አንዱን ሸሚዝ ይተኩሳል። የሚቃጠል ነገር ሸተተው።

«ይሸታል?»

«አዎ፣ ይሸታል!» አለች እትዬ ኮሌታ። ሌሎቹም ይሸታል አሉ። ደባሉ ሳይቀር «እየተቃጠለ ነው» አለው። ካውያው ማንኛቸውንም አላመነም። እንደ ሁልጊዜያቸው ነው ብሎ የጋለውን ብረት እዚያው ተጭኖ ቆየ። ጭሱ ፊቱ ድረስ ሲወጣ ነው ያነሣው፤ ኮሌታው ላይ ጥቁር ቡናማ የካውያ ምልክት ቁጭ ብሏል።

እትዬ ኮሌታ ያን ስታይ ምክሩም፣ ልቅሶውም፣ ርኅራኄውም ከአእምሮዋ ጠፋ። ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች።

«አንተ ደንቆሮ! ይሸታል አላልኩህም? አፍንጫ የለህም? ዓይን የለህም? ኮሌታዬን አመድ አደረግከው እኮ!»

ማሽኖቹ ሁሉ ቆሙ። እሷም ምን እንዳደረገች ሲገባት አፏን በመዳፏ ያዘች። ካውያው የተቃጠለውን ሸሚዝ እንደያዘ አፍጥጦ ያያታል። ከዚያ ፈገግ አለ።

«በይ እስቲ ድገሚልኝ።»

«ምኑን?»

«ስድቡን። አሁን ያልሽውን አመንኩሽ። ሲሸትም ይሸታል፣ ሳይሸትም ይሸታል ትሉኛላችሁ፤ በየትኛው ልመን? ጣራ ላይ ግመል አለች ብለው ይሄ ሰውዬ ታየችኝ አለ!»

ቆራጩ አንገቱን ደፋ። እትዬ ኮሌታ ተመልሳ ቁጭ አለች፤ ከዓይኗ እንባ ሊወጣ ደርሷል።

«እህትህ ናት» አለች። «አትከራከሩት፣ ያለውን ሁሉ እሺ በሉት ብላ ለምናን ነው። እኛስ ለክፋት መሰለህ? አንተን እንዳላስቀይም ምላሴን ነክሼ ስውል ምላሴ ቆሰለ እኮ!»

«አለመጠራቴን የምትነግሪኝ አንቺ ነበርሽ» አላት ካውያው። «በመሳደብሽ ነበር የማውቀው። ድምፅ ሲሰማኝ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን የምጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረኝም።»

ጋሼ ጫጫታውን ሰምተው መጡና ሸሚዙን ከእጁ ወስደው ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። «በቃ፣ ለእህትህ እነግራታለሁ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

«ለእኔ ይንገሩኝ ጋሼ። የተኮስኩት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አኖሩት። «እንግዲያው ልንገርህ። እጅህ ደክሟል። ትምህርት ቤት እስኪከፈት እጠብቅሃለሁ፤ ካልተሻለህ ግን ሌላ ተኳሽ አስገባለሁ። ሥራው አይጠብቀኝም።»

ነገሩ እንደ ጥፊ ነበር። ግን ጥፊው ለራሱ ነው የደረሰው፣ በእህቱ በኩል አልተላከለትም። «እሺ ጋሼ፣ ገባኝ» አለ።

ሊወጡ ሲሉ ካውያው እንደገና ሲጠራ ተሰማው። ወደ እትዬ ኮሌታ ዞሮ «ጠራሽኝ?» አላት። ሴትዮዋ ግራ ቀኝ አየች፣ ምራቋን ዋጠች።

«አልጠራሁህም» አለች ቀስ ብላ። የድሮው ስድብ አልተመለሰም፤ ድምፅዋ አሁንም እንደ ሕመምተኛ ጠያቂ ነው። አልጠራሁህም ግን አልጠራሁህም ነው።

ካውያው ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰው ገፋው፣ መኪና ጡሩምባ ነፋበት፣ አልሰማም። «አዎ» ያሉት ሁሉ ውሸት ከሆነ የእታለም ያቺ አንዲት «አይ»ስ? ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ማየት ሳይሆን መጠየቅ እንዳለበት ወሰነ፤ የሚያስፈልገው ብረቱን ማየት አይደለም፣ እሷ ስትነግረው መስማት ነው።

እታለም ሾርባውን አቅርባ፣ ዳቦውን ቆርሳ ቁጭ ብላለች። እሱ ማንኪያውን አላነሣም።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ደስ እንዲለኝ ብለሽ አትመልሺልኝ።»

«እሺ የኔ ጌታ።»

«እሺም አትበዪኝ! በርሽን ትቀረቅሪያለሽ ወይስ አትቀረቅሪም?»

እታለም የዳቦዋን ፍርፋሪ በጣቷ ሰበሰበች። ሰብስባ ስትጨርስ እንደገና በተነችው።

«አዎ» አለች። «እቀረቅራለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ሆስፒታል ሳለህ አናጢ ጠርቼ አስገጠምኩት።»

ካውያው መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ ከልቡ ደስ አለው። ድምፁ ጭንቅላቱ ውስጥ አልነበረም። ጆሮው ጤነኛ ነበር። ደስታው ግን ሙሉ ትንፋሽ እንኳ ሳይቆይለት ሌላው ነገር ደረሰ።

«ትፈሪኛለሽ ማለት ነው።»

«አንተን አይደለም፣ እንዲያው…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «አዎ። እፈራሃለሁ። ያን ሌሊት ስትጎትተኝ እጄ ወለም አለ። እስካሁን ዳቦ መጋገሪያውን ሣነሣ ያመኛል።»

«ላድንሽ እኮ ነበር!»

«አውቃለሁ፣ እኔ አውቃለሁ። ግን በሩን ካልቀረቀርኩ ዓይኔ አይከደንም።»

«ለዶክተሩስ ለምን ዋሸሽ? በሌለ በሽታ ነው ክኒን የተጨመረልኝ እኮ። ምላሴ ተሳሰረ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ዛሬ ሸሚዝ አቃጥዬ ጋሼ ሊያስወጡኝ ነው!» ብሎ ጮኸባት። በሽታው ከጀመረው ወዲህ በደህና አእምሮው ሲጮህባት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሷም ወደ ኋላ ሸሸች፣ እሱም መሸሿን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አፈርኩ» አለች እያለቀሰች። «የገዛ ወንድሟን ትፈራለች ይሉኛል ብዬ። አንተም ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ፣ እንዴት አድርጌ ልበል? አብሬህ ሄጄ ለዶክተሩ እውነቱን እነግረዋለሁ። ነገውኑ አስፈቅድና እንሄዳለን።»

ወዲያው ይቅር አላላትም፤ ይህን ብንደብቅ እኛም እንደነሱ መሆናችን ነው።

«እንድታባብይኝ አልፈልግም» አላት በመጨረሻ። «ለሌለው ነገር የለም፣ ላለው ነገር አለ በዪኝ። ቢያስከፋኝም። እኔ ብቻዬን መለየት ስለማልችል ነው፤ አንቺም ከዋሸሽኝ ማንን እጠይቃለሁ?»

እታለም ራሷን ነቀነቀች። እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር፣ ከምላሷ መለሰችው።

ውጪው መጨላለም ሲጀምር ተነሣች። ነገ ዳቦ ቤቱን ከፍታ ነው ፈቃድ የምትጠይቀው። በሩ ጋ ደርሳ መጋረጃውን እንደያዘች ቆመች፤ ትግባ አትግባ፣ ትዝጋ አትዝጋ ግራ ገባት።

«ዛሬ አልቀረቅርም» አለች።

«ቀርቅሪው።»

«ግድ የለም፣ ይቅር።»

«እየዋሸሽኝ ነው እታለም። ካልቀረቀርሽ አትተኚም።» የሾርባውን ሳህን ገፋ አደረገ። «ቀርቅሪው። ብቻ ስትቀረቅሪ ንገሪኝ።»

ገባች። በሩ ተዘጋ። እሱ ከነበረበት ወንበር አልተነቃነቀም። ቀጭ የሚለው ድምፅ መጣ።

«ቀረቀርኩ» አለችው ከበሩ ወዲያ ሆና።

«ሰማሁ» አላት።